ወገቤ ላይ የተጠመጠመ መንገድ

ትናንት ሌሊት የታየኝን ሕልም እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ ፈቺው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደላከውና ምን እንደሚያገኝበት ግን የሚነግርህ የለም። ለባለቤቴ ለስንዱም አልነገርኳት። ወረቀት ላይ ባሰፍረው ይሻላል ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ ወረቀትንም ቢሆን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላምነውም።

ወንድይፍራው እባላለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ፈታሽ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሠራተኛው ሲወጣ «እጅህን ክፈት» እላለሁ፣ ይከፍታል፤ ቦርሳውን አያለሁ፣ ጃንጥላውን አራግፋለሁ፣ የምሳ ዕቃውን ክዳን አነሳለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዓይኔ ግን ጡረታ አልወጣም። ሰው ሰላም ሲለኝ መጀመሪያ የማየው ኪሱን ነው። ስንዱ «አንተ ሰውዬ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ልትሞት ነው» ትለኛለች። እሷም ቢሆን ይህን ለምን እንደምትለኝ አላውቅም።

ሕልሙ እንዲገባ ከሕልሙ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከቤታችን ጀርባ ወደ ወንዙ የሚወርድ አርባ ሁለት የድንጋይ ደረጃ አለ። ማን እንደሠራው የሚያስታውስ ሰው የለም። ወንዙ ንጹሕ ነው አልልም፤ ንጹሕ ነው የሚል ሰው ካለ ምን ፈልጎ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ነገር ግን ከዳሩ አንዲት ምንጭ ትፈልቃለች። አስካለ የምትባል ጎረቤታችን በዚያች ምንጭ የሰው ጋቢና ምንጣፍ እያጠበች ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ማዶ ያሉ ሰዎችም ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ተሻግረው ወደ እኛ ሰፈር የሚመጡት በዚያው ደረጃ ነው። እኔ ራሴ ዋና የተማርኩት እዚያ ነው። ያኔ ውኃው ውስጥ ዓሣ ነበረ።

ከሦስት ወር በፊት አንዲት ልጅ መጣች፤ ኤፍራታ ትባላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ የጎማ ቦት ተጫምታ፣ ባልዲና ብሩሽ ይዛ ትመጣና እየተንበረከከች ደረጃውን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ በሳሙና ታጥበዋለች። ሰው ሲያልፍ ከተንበረከከችበት ትነሳና «እንኳን ደህና መጡ፣ ወንዙ የእርስዎ ነው» ብላ እጅ ትነሳለች። የመጀመሪያው ቀን ሄጄ ጠየቅኳት።

«ማን ቀጥሮሽ ነው?»

«ማንም አልቀጠረኝም ጋሼ። ሥነ ጥበብ ነው፤ የክዋኔ ጥበብ ይባላል።»

«የቱ ነው ጥበቡ? ብሩሹ ነው ወይስ አንቺ?»

«ማጠቡ ነው» አለችኝ። «ወደ ውኃው መውረጃው የሁሉም ሰው መሆኑን ሰው እንዳይረሳው ነው።»

«አልረሳነውም እኮ።»

«ታዲያ ለምን አትጠርጉትም?» አለችኝ በትሕትና።

በትሕትና የሚጠይቅ ሰው ያስፈራኛል። ደግሞ እዚህ ከተማ ውስጥ የራሱ ያልሆነውን ቦታ በነጻ የሚጠርግ ሰው ምን እንደሚያስብ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። መጀመሪያ ይጠርጋል። ቀጥሎ አበባ ይተክላል። አበባውን ፍየል እንዳይበላው ሽቦ ይዘረጋል፣ ሽቦው በቆርቆሮ ይተካል፣ ከቆርቆሮው ጀርባ አንድ ቀን ጠዋት ቤት በቅሎ ይገኛል። ልጅቷ አበባ ተክላ ባይሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። በሁለተኛው ወር ግን በአሮጌ ቆርቆሮ ጣሳ ሁለት ችግኝ ይዛ መጣች። እኔም ይኸው ሊጀመር ነው አልኩ።

ሐሙስ ዕለት አቶ ሱራፌል የሚባል ሰው ቤቴ መጣ። ሱፍ ለብሷል፤ ፋይልና የቆዳ ቦርሳ ይዟል። ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ እርስዎ ፈታሽ እንደነበሩ ሰምቻለሁ፤ ይኸው» ብሎ ቦርሳውን ከፈተልኝ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያከበረኝ ሰው የለም። ቦታው በግለሰብ እንዳይያዝ የሦስት ነዋሪ ምስክርነት እየሰበሰበ መሆኑን ነገረኝ። ስለ ልጅቷ ነገርኩት። «እንደ እርስዎ ዓይነት ንቁ አባት ቢበዛልን» አለኝ። መነጽሬ በሌላው ኮቴ ኪስ ውስጥ ስለነበረ ወረቀቱን ማንበብ አልቻልኩም፤ ለመፈረምም መስመሩ አልታይ አለኝ። «ምንም አይደለም፣ አሻራ ይበቃል» ብሎ የቀለም መርገጫውን ከኪሱ አወጣ። የልጅነት ጠባሳ ያለበትን አውራ ጣቴን ነከርኩና አሳረፍኩ። ቀለሙ ሐምራዊ ነው፤ ሁለት ቀን በሳሙና ባሸው አልለቅ አለኝ።

ትናንት ሌሊት እንግዲህ መንገዱን ከሌባ ያዳነ ሰው እንቅልፍ ተኛሁ፤ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

በሕልሜ በጠራራ ፀሐይ ከጓሮዬ ወጣሁ። ወንዙ ሽቅብ ወጥቶ ኮረብታው ላይ ተኝቷል፤ ቤቶቻችን ደግሞ ገደሉ ውስጥ ወርደዋል። ይህ አልገረመኝም። የገረመኝ ደረጃው አለመኖሩ ነው። አርባ ሁለቱም የለም። የነበረበት ቦታ በሳሙና እንደታጠበ ሳህን ልሙጥ ሆኗል። ጎረቤቶቼ ሁሉ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ።

«ደረጃውን ማን ወሰደው?» አለ አንዱ።

«ማን እንደወሰደው አውቃለሁ» አልኩ። «ትናንሽ ችግኝ በጣሳ ይዛ የምትመጣዋ ናት። ሄጄ እይዛታለሁ።»

አጨበጨቡልኝ። ለምን እንዳጨበጨቡ ግን አልገባኝም፤ ወደኋላ ዞሬ እጃቸውን አየሁት። ባዶ ነበር።

ሣር እየጨበጥኩ ሽቅብ መውጣት ጀመርኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ አጥሮች ተቀምጠዋል። ያረጁ ናቸው፤ ዝገታቸውን በነጠላ ሸፍነው እጃቸውን ዘርግተዋል። «ስለ ማርያም ጌታዬ፣ አንድ ሜትር ቦታ» ይላሉ። «ከትናንት ጀምሮ ምንም አላጠርንም።» አንዱ እንዲያውም የሱሪዬን ጫፍ ይዞ ለቅሶ ጀመረ። ያልታጠረ ቦታ እንደሌለኝ ነግሬው አለፍኩ። ከኋላዬ «ይሄ እንኳ አለው፣ ይደብቃል» ሲሉ ሰማኋቸው።

ትንሽ ከፍ ስል አስካለን አገኘኋት። ሳፋ ውስጥ ተቀምጣለች፤ አራት ትልልቅ ጋቢዎች ከበዋት ያጥቧታል። አንዱ ጀርባዋን ይፈትጋል፣ አንዱ ክንዷን ይጨምቃል። ሳፋው ግን ደረቅ ነው፤ ጠብታ ውኃ የለውም።

«አስካለ፣ ምን እያደረጉሽ ነው?»

«ዛሬ የነሱ ተራ ነው ጋሼ» አለችኝ። «ግን ውኃ የሚያመጡበት የለም። ደረጃውን ያየ ሰው አለ? እነዚህ ካላጠቡኝ ልጆቼ የሚበሉት የላቸውም።»

«እየፈለግኩት ነው» አልኳት።

አንደኛው ጋቢ መፈተጉን አቆመና «ሆድዎ ግን ተነፍቷል» አለኝ። ጋቢ ስለ ሆዴ ምን አገባው ብዬ ጉዞዬን ቀጠልኩ። እውነትም ወገቤ ከብዶኝ ነበር። የስንዱ ሽሮ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ አንድ ቢሮ ደረስኩ። የቢሮው ሠራተኞች ማኅተማቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። አንዲት አሮጊት በመስኮት ብቅ ብላ «ባለጉዳዩ ስብሰባ ላይ ነው፤ ሰኞ ተመለሱ» አለቻቸው። አንዱ ሠራተኛ «እማማ፣ ሦስተኛ ሳምንታችን እኮ ነው» ብሎ ለመናት። «ወረፋህን ጠብቅ» አለችው፤ መስኮቱን ዘጋችው። በልቤ ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን ማንም እንዳያይብኝ ፊቴን አጨፈገግኩ።

ከቢሮው ቀጥሎ የፋብሪካው በር ነበር። ያው የኔ በር፣ ያው የኔ ወንበር። ወንበሩ ላይ አንዲት ትልቅ እንቁራሪት ተቀምጣለች። ያደረገችው ኮፍያ የኔ ነው፤ ጆሮው አጠገብ ያለውን የዘይት ነጥብ አውቀዋለሁ።

«እጅህን ክፈት» አለችኝ።

«እኔ እኮ ፈታሽ ነኝ።»

«ፈታሽ ከሆንክማ ታውቀዋለህ። እጅህን ክፈት።»

ከፈትኩ። አውራ ጣቴን አገላብጣ አየችው። ቦርሳ የለኝም፤ ጃንጥላ የለኝም። ኪሴን ገለበጠችው፣ ምንም የለም። ከዚያ እኔ ለሃያ ሰባት ዓመት እንዳደረግኩት አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ የሸሚዜን ጫፍ ያዘችና ወደ ላይ አነሳችው።

ደረጃው ወገቤ ላይ ነበር። አቡጀዲ ሰርቀው እንደሚወጡት ሰዎች ከብብቴ እስከ ዳሌዬ ጠምጥሜዋለሁ። እንቁራሪቷ ጫፉን ይዛ ሳበችው፣ እኔ እንደ እንዝርት መሽከርከር ጀመርኩ። አንደኛው ደረጃ ወጣ፣ የድንጋይ ሽበቱ እንዳለ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ተከተለ። ሰዎች ገና እየተራመዱበት ነበር። አንድ የማዶ ሰውዬ ዶሮ ታቅፎ እምብርቴን ሲያልፍ «ይቅርታ ጋሼ፣ ወደ ገበያ ነኝ» አለኝ። ሃያኛው ላይ የሳሙና አረፋ አለ፤ የቅዳሜ አረፋ። አርባ ሁለተኛው ሲወጣ ወገቤ ቀለለኝ፤ ፊቴ ግን በእፍረት ተቃጠለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም። የኔ አይደለም። ሰው ነው ያስያዘኝ።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለችኝ። ድምጿ የኔ ድምጽ ነበር።

እንቁራሪቷ ደረጃውን ዘርግታ ወንዙ ፊት አቀረበችኝ። በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል፤ ከጉልበቱ በታች ውኃ ይንጠባጠባል። ሊናገር ሲል አሳለው፤ ከአፉ የውኃ ጠርሙስ ወጣና በመሐረብ ጠቅልሎ ወደ ኪሱ ከተተው። ያን ጊዜ በጣም አሳዘነኝ። ሲያስለው ልክ እንደ ሟቹ አባቴ ነበር።

«ማን ልኮህ ነው?» አለኝ።

«ማንም አልላከኝም።»

«ወንድይፍራው፣ ዋና ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ሁለቴ ልትሰምጥ ስትል ዳር ያወጣሁህም እኔ ነኝ። ዛሬ ግን በአጠገቤ ስታልፍ አፍንጫህን ትይዛለህ። አፍንጫውን የሚይዝ ሰው ምን እንደሚደብቅ አላውቅም። ሌባ አለመሆንህን የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች አምጣ።»

ወንዙም ይጠራጠራል ለካ። እውነት ለመናገር በዚህ ወደድኩት።

ወደ ገደሉ ዞሬ ጎረቤቶቼን ጠራኋቸው። አርባ ዓመት አብሬያቸው የኖርኩ፣ በእድር አብሬያቸው ድንኳን የተከልኩ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ቀና ብለው በአንድ ድምጽ «በዚህ በኩል ማንም አያልፍም» አሉ። ደግሜ ጠራኋቸው። «በዚህ በኩል ማንም አያልፍም» አሉ። የሆነ ወረቀት የሚያነቡ ይመስላሉ።

ያኔ አቶ ሱራፌል መጣ። የኤፍራታን ነጭ ቀሚስ ለብሷል፣ ቦቱን ተጫምቷል፣ መጥረጊያ ይዟል። ይጠርጋል። የጠረገው መሬት ይጠፋል። እንቁራሪቷ የዘረጋችው ደረጃ አጠገብ ደረሰና ከላይ ጀምሮ ጠረገው፤ አንድ ጠፋ፣ ሁለት ጠፋ። ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት ንጹሕ ሰው ነው» ይላል። እኔ ፊት ሲደርስ ማንም ሳይጠይቀው ቦርሳውን ከፈተ። ባዶ ነበር።

«አየሽ?» አልኳት እንቁራሪቷን። «ሳይጠየቅ ነው የከፈተው።»

«አዲስ ፈታሽ ሲቀጠር ምን ብለህ ነበር የምታስተምረው?» አለችኝ።

«ሳትጠይቀው ቦርሳውን የሚከፍትልህን ሰው...»

«ጨርሰው።»

«...ወገቡን ፈትሸው።»

የአቶ ሱራፌልን ወገብ አየሁት። ምንም የለበትም። የጠመጠመው እኔ ላይ ነበር።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ ወንዙ፤ ወዲያው ደግሞ አሳለው።

ከሰዉ መሐል ኤፍራታ መጣች። እሷ ደግሞ የአቶ ሱራፌልን ሱፍ ለብሳለች፤ እጅጌው ረዝሞባት ጣቷ አይታይም። «እኔ እመሰክርለታለሁ» አለች። ወንዙ አንድ ምስክር አይበቃም አላት። «በየቅዳሜው ሦስት ጊዜ ጠርጥሮኛል፤ እንደ ሦስት ሰው ያውቀኛል፣ እንደ ሦስት ሰው ይቁጠሩኝ» አለችው። ወንዙ አሰበና ተቀበላት። ለምን ትመሰክርልኛለች? ምን ፈልጋ ነው? በሕልሜም ቢሆን ጠየቅኳት።

«ምን ታገኚበታለሽ?»

«ይፈትሹኝ ጋሼ» አለችና ቦርሳዋን ሰጠችኝ። አልከፈተችውም። እኔ ነኝ የከፈትኩት።

ውስጡ ግማሽ ሳሙና ነበር፣ ጸጉሩ የረገፈ ብሩሽ ነበር። ከሥሩ መነጽሬ ነበር። አደረግኩት። ወንዙ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ፤ ያ የሐሙሱ ወረቀት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። «እኛ ከታች አሻራችንን ያኖርን ነዋሪዎች፣ ይህ ስፍራ መተላለፊያ እንዳልሆነ፣ በዚህ በኩል ማንም እንደማያልፍ፣ ቢታጠርም ተቃውሞ እንደሌለን እንመሰክራለን» ይላል። ከሥሩ የኔ አውራ ጣት አለ። ቀና ስል ጣቴም ከወረቀቱ ጋር ተያይዟል። ጎተትኩት፤ ወረቀቱ አብሮ ይጎተታል። አለቀስኩ፤ ሰው ፊት ነው ያለቀስኩት።

«እኔ ውስጥ ታጠበው» አለኝ ወንዙ። «ይለቃል። ወረቀቱም ባዶ ይሆናል። አንድ ደረጃ ውረድና እጅህን ስጠኝ።»

የቀረው አንድ ደረጃ ብቻ ነበር። ኤፍራታ እጄን ያዘች። እግሬን አነሳሁ። የመጥረጊያ ድምጽ ሰማሁ፤ ከጫማዬ ሥር መሬት አልነበረም። ውኃው ከጣቴ አንድ ስንዝር ርቆ ቀረ፣ ስንዝሩም ረዘመ።

«አንተ! ግድግዳው ምን አድርጎህ ነው የምትፈትገው?» የስንዱ ድምጽ ነው።

ነቃሁ። አውራ ጣቴ ተልጦ ደምቷል። ሐምራዊው ቀለም ግን እንዳለ ነው። ነግቷል፣ ቅዳሜ ነው። ከጓሮ በኩል መዶሻ ይሰማል።

ከጫማዬ በፊት መነጽሬን አደረግኩ። ስወጣ ስንዱ ከኋላዬ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች። ምን አውቃ እንዳለችው አልጠየቅኳትም፤ አዲስ የቆርቆሮ አጥር በመስኮት ታይቷት ኖሯል። አረንጓዴ ነው፤ የደረጃውን አፍ ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። አንድ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሟል። ቆርቆሮው የመጀመሪያውን ደረጃ ለሁለት ከፍሎት፣ በእኛ በኩል ግማሹ ብቻ ቀርቷል። ኤፍራታ በነጭ ቀሚሷ ተንበርክካ ያንን ግማሽ ታጥባለች።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» አለችኝ። «ወንዙ የእርስዎ ነው» የሚለውን አልጨመረችም።

አስካለ የጋቢ ጥቅሏን መሬት ላይ አስቀምጣ ቆርቆሮው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ታያለች። ማንበብ አትችልም። ከጽሑፉ ሥር ሦስት ሐምራዊ አሻራዎች አሉ፤ የመሐለኛው ጫፍ ላይ የልጅነት ጠባሳዬ የአሻራውን መስመር ሰብሮት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት» አለችኝ አስካለ። «እስቲ ያንብቡልኝ። የልጆቼን ጉሮሮ የዘጋው ማን ነው?»

አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ ጨበጥኩት።

«መነጽሬን አልያዝኩም» አልኳት።

መነጽሬን አየችው፤ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጭብጤ ወረደ።

«እጅዎን ይክፈቱት እስቲ» አለችኝ።